የጤና ቁጠባ ሂሳብና ሕመምተኛው ነጋዴ

በአሜሪካ አገር የራሱን ሱቅ ከፍቶ የሚሠራ ነጋዴ የጤና ኢንሹራንስ የሚገባለት ቀጣሪ ስለሌለው፣ ዓረቦኑን የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው። ስለዚህ ዓረቦኑ አነስተኛ የሆነውንና ከጤና ቁጠባ ሂሳብ ጋራ የተያያዘውን ውል የሚመኝ ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ እንደ ስኳር በሽታ ያለ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው፣ ውሉን ከመለወጡ አስቀድሞ ነገሩን በነጋዴ ዓይን ሊመረምረው ይገባል።

ሂሳቡ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ሕግ ነው። ለሂሳቡ የሚገባው ገንዘብ ከፌዴራል የገቢ ግብር ነፃ ነው፤ ለሕክምና ሲወጣም እንዲሁ፤ ያላለቀውም ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. ለ2026 አንድ ሰው ለራሱ ብቻ ማስገባት የሚችለው እስከ 4,400 ዶላር፣ ለቤተሰብ ሲሆን እስከ 8,750 ዶላር ነው። በአንጻሩ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ሕመምተኛው ብቻውን የሚሸፍነው የመጀመሪያ ወጪ ለአንድ ሰው ከ1,700 ዶላር አያንስም።

ለምሳሌ ያህል፣ ዓረቦኑ በወር ከ600 ወደ 400 ዶላር ቢወርድ በዓመት 2,400 ዶላር ይተርፋል። የመጀመሪያው ወጪ ከ500 ወደ 2,900 ዶላር ከፍ ቢል ግን የተረፈው ሁሉ ተመልሶ ይሄዳል። በዓመቱ ድምር ሁለቱ ውሎች ተቀራራቢ ናቸው።

አደጋው ያለው በጊዜው ላይ ነው። ትርፉ የሚገኘው በየወሩ 200 ዶላር እየሆነ ነው። የሐኪሙና የመድኃኒቱ ዋጋ በጃንዋሪ 900 ዶላር ቢደርስ፣ ከሂሳቡ ከገባው በላይ ማውጣት ስለማይቻል 700 ዶላር ይጎድላል። ጥሬ ገንዘብ ያጠረው ነጋዴ ዕቃ ማስመጣቱን ለአንድ ወር ሊያዘገይ ይችላል፤ የኢንሱሊን መርፌ ግን አይዘገይም።

ስለሆነም ሦስት ነገሮችን ማሟላት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሂሳቡ ከመከፈቱ በፊት የወጣ ወጪ ከሂሳቡ ስለማይተካ፣ ውሉ በጸናበት ቀን ሂሳቡን መክፈት። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት የመድኃኒት ዋጋ አስቀድሞ በእጅ መያዝ፤ ከኪስ የተከፈለውም በኋላ ከሂሳቡ ሊተካ ስለሚችል ደረሰኙን ማኖር። ሦስተኛ፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ኢንሹራንሶች ኢንሱሊንንና አንዳንድ የአስም መድኃኒቶችን የመሰሉትን ከመጀመሪያው ወጪ በፊት እንዲሸፍኑ ፈቅዷል፤ ነገር ግን ይህ ፈቃድ እንጂ ግዴታ ስላልሆነ፣ በውሉ መጻፉን አንብቦ ማረጋገጥ።

እነዚህ ያልተሟሉለት ሕመምተኛ በቀድሞው ውል መቆየቱ ይሻለዋል። ዓረቦን ረከሰ ተብሎ መድኃኒት የሚቋረጥበት ውል ከሁሉ የተወደደ ነው።