194,313

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቁጥር ነው፦ 194,313። የባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ስሌት) ሊቃውንት ዐቢይ ቀመር የሚሉት 532 ዓመት በቀን ሲቆጠር ይህን ያህል ነው።

ቁጥሩ ከ1ና ከራሳቸው በቀር በሌላ በማይካፈሉ ቁጥሮች ሲተነተን 3 × 7 × 19 × 487 ይሆናል። 7 ስላለበት ቀመሩ ትርፍ ቀን ሳይኖረው በ27,759 ሳምንት ያልቃል። 19ኙ የጨረቃ ድርሻ ነው፤ 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር በጣም ይቀራረባል። ልዩነቱ 532 ዓመት ሙሉ ቢጠራቀም እንኳ ሁለት ቀን አይሞላም።

ግን 532 ለምን? ዓመታቱ በየተራ የሚሰየሙባቸው ወንጌላውያን 4፣ ዕለታት 7፣ የጨረቃ ዓመታት 19 ናቸው። ከ1 በቀር የሚጋሩት አካፋይ ስለሌለ ሦስቱም አብረው ወደ መነሻቸው የሚመለሱት 4 × 7 × 19 ዓመት ሲሞላ ብቻ ነው። የጨረቃው ዑደት 18 ዓመት ቢሆን ኖሮ 4ና 18 ለ2 ስለሚካፈሉ ሁሉም በ252 ዓመት ባለቀ ነበር። ይህን ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል።

ይህ ሒሳብ ለብራናዎቻችን ታሪክም ይጠቅማል። ብሪቲሽ ላይብረሪ ያለው እዚሁ ለንደን፣ ካምደን፣ ዩስተን መንገድ ላይ ነው። ከመቅደላ የተዘረፉ ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎቻችን እዚያ ናቸው። የአፄ ቴዎድሮስ ምሽግ መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ የወደቀችው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዓመት ፋሲካ እናውጣው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረውን 5500 ዓመት ስንጨምር 5500 + 1860 = 7360። ለ19 ሲካፈል 7 ይተርፋል፤ አንዱን ስንቀንስ ወንበር 6። 6 × 11 = 66፣ በ30 ሲገደፍ (30ዎቹ ሲወጡ) አበቅቴ 6። 6 × 19 = 114፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 24። (11ና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ አበቅቴና መጥቅዕም ምንጊዜም 30 ይሞላሉ።) መስከረም 1 ረቡዕ ስለነበረ መጥቅዑ የሚውልበት መስከረም 24 ዓርብ ይሆናል፤ የዓርብ ተውሳክ (የሚጨመረው ቁጥር) 2 ነው፤ ሲደመር መባጃ ሐመር 26። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመር 35፣ በ30 ሲገደፍ 5። ፋሲካ ሚያዝያ 5!

እንግዲህ መቅደላ አጠገብ በአሮጌ ሜዳ ሚያዝያ 3 የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት የተሸነፈው በስቅለት ዓርብ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን የሠዉት፣ ብራናዎቹም መዘረፍ የጀመሩት በማዕዶት ሰኞ ነው። ይህን ያገኘነው ከማካፈልና ከቀሪ ብቻ ነው።

የጥንት ጸሐፍት ብዙ ጊዜ ዘመኑን በወንጌላዊው፣ በአበቅቴውና በዕለቱ ይመዘግቡ ነበር። ዘመነ ዮሐንስ፣ አበቅቴ 6፣ መስከረም 1 ረቡዕ የሚል ብራና ቢገኝ፣ ከ532 ዓመታት መካከል የሚስማማው አንድ ዓመት ብቻ ነው። የሒሳብ ሰዎች ይህን የቻይና ቀሪዎች ሕግ ይሉታል። እንዲህ ካሉት ዓመታት አንዱ 1860 ነው፤ ከእሱ በፊት ያለው 1328፣ የአፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን። የእነዚህን ሁለት ዘመናት የፊደል አጣጣል መለየት ደግሞ ብራና ለሚያውቅ ሰው አይቸግርም።