የሞተር ሳይክል ጎማን በቤት ለመለወጥ ስለሚያስፈልጉ የእጅ መሣሪያዎች



ጧት ወደ መሥሪያ ቤቱ ለመሄድ ሞተር ሳይክሉን ከግቢ ሊያወጣ የተነሣ ሰው የኋላው ጎማ ተንፍሶ ከመሬት ላይ ተለጥፎ ቢያገኘው፣ በሐሳቡ ሁለት ነገር ይመላለሳል። አንዱ የመግቢያው ሰዓት ነው፤ ሁለተኛውም ጎሚስታው ያለበት ቦታ ምን ያህል ይርቅ ይሆን የሚለው ነው። አየር የሌለውን ጎማ እየገፉ መሄድም ሰውየውን ከማድከሙ በላይ፣ የውስጠኛውን ጎማ ማለት ከመነዳሪውን በቸርኬውና በውጭው ጎማ መካከል እያሸ ያበላሸዋል። ስለዚህ ይህን ሥራ በቤታቸው በገዛ እጃቸው ለመሥራት የሚሹ ብዙዎች ናቸው። እነርሱም አስቀድመው የሚጠይቁት «ምን መሣሪያ ልግዛ?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት ጎማው ከቸርኬው ጋር በምን እንደሚያያዝ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለው የእንስሳት ሐኪም በ1888 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በቤልፋስት ከተማ ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት በአየር የሚነፋ ጎማ ሲሠራለት፣ ጎማው ከመንኰራኵሩ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ነበር። እንዲህ ያለውን ጎማ ለመጠገን ብዙ ሰዓት ይፈጅ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም.፣ ቻርልስ ኪንግስተን ዌልች የተባለ እንግሊዛዊ በጎማው ከንፈር ውስጥ የማይለጠጥ ሽቦ አስገብቶ፣ የቸርኬውንም መካከል እንደ ቦይ አጐድጕዶ አንድ ዘዴ አወጣ። ዛሬም በእጃችሁ ያለው ጎማ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

የነገሩም ምስጢር ይህ ነው። የጎማው ከንፈር ሽቦ ስላለው በጕልበት አይለጠጥም፤ የቸርኬውም ጠርዝ ከከንፈሩ ክብ ይሰፋል። እንግዲህ በምን ይወጣል? በአንድ ወገን ያለውን ከንፈር በጕልበታችሁ ተጭናችሁ ወደ ቦዩ ስታወርዱት፣ በዚያኛው ወገን ያለው ይላላል። በላላውም በኩል ከንፈሩ ያለ ብዙ ትግል ከጠርዙ በላይ ይወጣል። ቦዩን የረሳ ሰው ግን ሽቦውን ለመለጠጥ ይታገላል፤ ሽቦውም እንቢ ይለዋል። ያን ጊዜ የሚመኘው ረጅም ብረት ነው፤ ረጅሙም ብረት የሚያደርሰው ጕዳት ብዙ ነው።

ይህን ከተረዳን ዘንድ የጎማ ማውጫው ብረት አመራረጥ ይቀልልናል። ርዝመቱ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ለቤት ሥራ ይበቃል። ስድሳ ሳንቲ ሜትር ያለው ብረት በእጅ የሚሰጡትን ኀይል የሠላሳውን እጥፍ አድርጎ ስለሚያደርሰው፣ ሠሪው ስሕተቱን ሳያውቀው የቸርኬውን ጠርዝ ያጣምማል፤ አለዚያም የከንፈሩን ሽቦ ይበጥሳል። ሽቦው የተበጠሰ ጎማ ደግሞ አይጠገንም፤ ይጣላል። የብረቱ ጫፍ ጠፍጠፍ ያለና እንደ ማንኪያ ጥቂት የጎበጠ ይሁን። ከመግዛታችሁ በፊት አውራ ጣታችሁን በጫፉ ዙሪያ አሳልፉ፤ ቆዳችሁን የሚቧጭር ብረት ከመነዳሪውን ይቆርጣል። ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ አስቀጥቅጦ ማሠራትም ይቻላል፤ ነገር ግን ጠርዙን በሞረድ አጥብቆ ማለስለስ ያሻል።

ቍጥሩስ? ሦስት ነው። አንዱ ከንፈሩን ያወጣል፤ ሁለተኛው የወጣው እንዳይመለስ ይይዛል፤ ሦስተኛው አምስት ወይም ስድስት ሳንቲ ሜትር እልፍ ብሎ ይቀጥላል። በሁለት ብረት የሚሠራ ሰው እጅ ስለሚያንሰው ካቻቢቴ ይጨምራል። እኔም በመጀመሪያው ጊዜ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። አንዲት የሚስማር ቀዳዳ ልደፍን ተነሥቼ፣ በካቻቢቴው ሁለት ቀዳዳ ጨምሬ፣ ከመሸ በኋላ ከመነዳሪውን በክንዴ አንጠልጥዬ ጎሚስታ ፍለጋ ወጣሁ። ጎሚስታው ቀዳዳዎቹን አይቶ ምን እንደ ተጠቀምሁ ሳልነግረው ዐወቀ።

ከዚህ ሌላ የምትገዙት ብዙ አይደለም። የቫልቩን መርፌ መፍቻ ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ ያለ እርስዋ ግን ከጎማው ውስጥ የቀረው አየር ጨርሶ አይወጣም፤ አየር የያዘውም ጎማ ወደ ቦዩ አይወርድም። ከንፈሩን ለማለስለስ ወፍራም የሳሙና ውሃ ይበቃል። ዘይትና ግራሶ ግን ላስቲኩን ስለሚያበላሹና ጎማውን በቸርኬው ላይ ስለሚያንሸራትቱ ፈጽሞ አይነኩ። ቸርኬው እንዳይፋቅ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ቍራጭ ቈርጦ በብረቱ ሥር ማኖር መልካም ነው። መንኰራኵሩንም በባዶ መሬት ላይ ከማጋደም በአሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ቢያስተኙት የፍሬኑ ሳሕን አይጣመምም። በሳጥን ሞልተው የሚሸጡት ሃያና ሠላሳ ዕቃዎች ለዐይን ያምራሉ፤ ለዚህ ሥራ ግን አብዛኞቹ ከሳጥናቸው ሳይወጡ ይኖራሉ።

ይህ ሁሉ የተነገረው ከመነዳሪ ላለው ጎማ ነው። ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ከንፈሩ በቸርኬው ላይ እጅግ ጠብቆ ስለሚቀመጥ በእግር ተረግጦ በቀላሉ አይላቀቅም፤ መጫኛ መሣሪያ ይፈልጋል። ለእርሱ ወደ ጎሚስታ መሄድ ይሻላል።

ገንዘብ የማይቈጠብበት ግን አንድ ስፍራ አለ። እርሱም መንኰራኵሩን የሚይዘው የፔርኖ ዳዶ መፍቻ ነው። ልኩ በትክክል ያልገጠመ መፍቻ የዳዶውን ማዕዘን ይበላዋል፤ በሚገባም አያጠብቀውም። የፊተኛው መንኰራኵር ዳዶ በመንገድ ላይ ቢላላ የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ የማጥበቂያውን ኀይል ለክቶ የሚያሳይ መፍቻ ለመግዛት ዐቅም የሌለው ሰው ከወዳጁ ይዋስ፤ ልኩንም ከሞተር ሳይክሉ መመሪያ መጽሐፍ ይመልከት።

ጎማውን ስትመልሱ ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምራችሁ በቫልቩ ዘንድ ጨርሱ። ቫልቩን በጣታችሁ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉት፤ ከመነዳሪው በከንፈሩ ሥር ተነክሶ ከሆነ በዚህ ይለቀቃል። ከነፋችሁ በኋላም ከቸርኬው አጠገብ በጎማው ዙሪያ የምትታየዋን ቀጭን መስመር ተመልከቱ። መስመሯ በዙሪያው ሁሉ ከቸርኬው እኩል ርቃ ከታየች ጎማው በሚገባ ተቀምጧል። በአንድ በኩል ሰጥማ ከታየች ግን አየሩን አውጥታችሁ፣ ሳሙናውን ጨምራችሁ እንደ ገና ንፉት። በማግሥቱ ጧት ከመነሣታችሁ በፊት አየሩን በመለኪያ ለኩ፤ ዳዶውንም በመፍቻው ዳግመኛ ፈትኑት።