ወፈረ፣ አማረበት

በሐርጌሳ፣ ዋሄን ገበያ አጠገብ በምሠራበት ክሊኒክ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት ሕመም) ያለበት ሰው መሻሉን ቤተሰቡ የሚነግረኝ በሁለት ምልክት ነው፤ ሌሊት ይተኛል፣ ደግሞም ወፍሯል። «ፊቱ ሞላ፣ አልሐምዱሊላህ» ይሉኛል። አማኑኤል ሆስፒታል ስሠለጥን የአዲስ አበባ እናቶችም «ሰውነቱ ተመለሰ» እያሉ ይመርቁን ነበር። ደስታቸው ይገባኛል። እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር፣ እህል ሳይቀምስ፣ የሱቁን ዕቃ ላገኘው ሁሉ ሲያድል የከረመ ልጅ ማዕድ ቀርቦ ሲበላ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ፣ ውፍረቱ እንደ ድኅነት ስለሚቆጠር መቼ ከልክ እንዳለፈ የሚጠይቅ መጥፋቱ ነው።

የምንሰጣቸው መድኃኒቶች እኩል አያወፍሩም። ቀዳሚው ኦላንዛፒን ነው፤ አንጎል የጥጋብን መልእክት እንዳይሰማ ያደርጋል፣ ሰውነትም ለኢንሱሊን መታዘዙን ይቀንሳል። ታማሚው ከማዕድ ሳይነሳ የሚርበው ሆዳም ሆኖ አይደለም። ቫልፕሮኤትም ያወፍራል፤ ፅንስንም ስለሚጎዳ ልትወልድ ለምትችል ሴት አስቀድሞ ሌላ መፈለግ ይገባል። ካርባማዜፒን በውፍረት በኩል ቀለል ይላል።

ሊቲየም ግን ተንኮሉ ሌላ ነው። ያስጠማል፣ ሽንት ያበዛል። እዚህ ከተማ ጥም የሚቆረጠው ደግሞ ስኳር በበዛበት የወተት ሻይና በለስላሳ ነው። የታይሮይድ ዕጢንም ሊያደክም ስለሚችል ድካምና ውፍረት በዚያም በኩል ሊመጡ ይችላሉ። ከሁሉ የሚከፋው፣ ጥምና ሽንት ማብዛት የስኳር በሽታም ምልክቶች መሆናቸው ነው። አንዲት ጨርቅ ነጋዴ ልጃቸው ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት እንደሚነሳ ነገሩኝ፤ «መድኃኒቱ ነው ብለን ተውነው» አሉ። «ሆዮ (እናቴ)፣ በባዶ ሆዱ ስኳሩን እንለካው» ብላቸው «ስኳር የሽማግሌ በሽታ አይደል እንዴ?» ብለው ሳቁ። በሁለት የተለያዩ ቀናት ለካነው፤ ሁለቱም ከ126 ሚ.ግ./ዴ.ሊ. በላይ፣ ማለትም በስኳር በሽታ ክልል ውስጥ፣ ነበሩ።

ጫት ሲጨመርበት ነገሩ ይወሳሰባል። ከእኛው ከኢትዮጵያ፣ ከአወዳይ፣ በየቀኑ የሚገባው ጫት ቀን ረሃብን ይዘጋል፣ ከጣፋጭ ሻይና ከኮካ ጋር ይቃማል፤ ማታ ምርቃናው ሲበርድ የኦላንዛፒን ረሃብ ይነሳል። ጫቱ እንቅልፍ ስለሚነሳም ማኒያውን፣ ያንን እንቅልፍ አልባ የሕመሙን የግለት ወቅት፣ ራሱን ሊቀሰቅስ ይችላል። እኔ ከውፍረቱ ይልቅ የምፈራው ይህንን ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ውፍረት የሀብታም አገር ጣጣ ነው ይላሉ። ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። በቡታጅራ ገጠር ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለ10 ዓመት ክትትል ሲደረግላቸው፣ ከሞቱት ግማሽ ያህሉ የሞቱት በተላላፊ በሽታ ነበር። እዚያ ቀዳሚው ገዳይ ውፍረት አይደለም። ዋሄን ግን ቡታጅራ አይደለም፤ አዲስ አበባም እንዲሁ። በእነዚህ ከተሞች የደም ግፊትና ስኳር ከጤነኛውም ቤት ገብተዋል።

የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርና የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2004 ለኦላንዛፒንና ለመሰሎቹ ያወጡት ምክር ከባድ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ኪሎ፣ ወገብ፣ ግፊት፣ የጾም ስኳርና የደም ቅባት መለካት፤ ከዚያ ኪሎውን በ4ኛው፣ በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት ማየት። ከመነሻው 5 በመቶ ከጨመረ፣ ማለትም የ60 ኪሎ ሰው 63 ከደረሰ፣ መድኃኒቱን ስለመቀየር ማሰብ። ምርመራው ግን ገንዘብ ይጠይቃል። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በረመዳን ዋዜማ፣ ዋሄን ሲቃጠል ገበያው የብዙ ቤተሰብ ጓዳ ነበር። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ግን ለማንም አይከብድም፤ ወገብን በወር አንዴ ለክቶ መጻፍ እናትም ትችላለች።

ኪሎው ከጨመረ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ መጣል መፍትሔ አይሆንም። ሊቲየምን በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን በአጭር ጊዜ ሊመልሰው ይችላል። መጠኑን ማስተካከል፣ መቀየር፣ አንዳንዴም የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚንን መጨመር አለ፤ ይህ የሐኪሙ ሥራ ነው። ለማቅጠን ተብሎ ጨውን ባንዴ መተውም አደገኛ ነው፤ ሊቲየም በደም ውስጥ ይጠራቀማል። የሕመም ማስታገሻዎቹ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ሊቲየምን እንደዚያው ያጠራቅማሉ፤ ሊቲየም ለሚወስድ ሰው ሳይጠይቁ የሚሸጡ ፋርማሲዎች ይህን ቢያስቡበት።

ሊቲየም የሚወስድ ዘመድ ያላችሁ፣ ከረመዳን በፊት ሐኪሙን ጠይቁ፤ ያለ ውኃ የሚውል ሰውነት መድኃኒቱን ያከማቻል። እጁ ከወትሮው በላይ ከተንቀጠቀጠ፣ ካስመለሰው፣ አረማመዱ ከተንገዳገደ ቀጣዩን ክኒን ሳትሰጡት በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት።