ከጓሮ ፍሬ ጤናማ ጭማቂ

በገበያ ቀን ብዙ ገበሬ ማንጎውንና አቮካዶውን በአህያ ጭኖ ይወጣል። ሲመለስ ለልጆቹ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ይዞ ይገባል። ለስላሳው ስኳር የበዛበት ውሃ ነው። የሸጠው ግን ምግብ ነበር። ታዲያ ማን ተጠቀመ? ይሸጥ፤ ገንዘብም ያስፈልጋል። ነገር ግን የልጆች ድርሻ አስቀድሞ ይለይ።

ወፍራም ጭማቂ ለመሥራት የኤሌክትሪክ መፍጫ የግድ አይደለም። ሹካ ወይም ንጹሕ ሙቀጫ ይበቃል። በርበሬ የተወቀጠበት ከሆነ ግን በደንብ ይታጠብ። ትልቁ ቁም ነገር ምን ከምን ጋር እንደሚደባለቅ ማወቅ ነው።

1ኛ/ ቀለሙን እዩ። ውስጡ ቢጫ ወይም ብርቱካን መልክ ያለው የበሰለ ማንጎና ፓፓያ ለዓይን ይጠቅማል። ሰውነታችን ከእነዚህ ቫይታሚን ኤ የሚባለውን ይሠራል። ይህ ያነሰው ልጅ ሲመሽ ማየት ያቅተዋል። ዳፍንት የምንለው ይህ ነው። ቸል ከተባለም ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

2ኛ/ ቅባት ያለው ጨምሩ። ይህ ቫይታሚን ያለ ቅባት በሚገባ ወደ ሰውነት አይገባም። ስለዚህ አቮካዶ ይጨመር። አቮካዶ ከሌለ ወተት ወይም ታምሶ የተወቀጠ ተልባ ይሆናል።

3ኛ/ ብርቱካን፣ ሎሚና ዘይቱን ቫይታሚን ሲ አላቸው። ይህም በእንጀራና በሽሮ ውስጥ ያለውን፣ ደም የሚሠራበትን ብረት ሰውነት እንዲወስድ ያግዛል። ስለዚህ ከምግብ ጋር ይጠጡ። ሎሚና ወተት ግን አትደባልቁ፤ ወተቱ ይቋጠራል።

4ኛ/ ውሃውና ወተቱ ይፍላ። ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳን ከላም ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። ውሃ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይቆይ። ከ2000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ግን 3 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ተከድኖ ይቀዝቅዝ።

5ኛ/ የማይገባውን ለዩ። የሻገተ ለውዝ ይጣል፤ ቢቆላም መርዙ አይለቀውም። ስኳር አያስፈልግም፤ የበሰለ ፍሬ ራሱ ይጣፍጣል፣ ስኳር ደግሞ ጥርስ ያበላሻል። ማር 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም። ለአዋቂ የማይጎዳው ማር ሕፃኑን ሊመርዘው ይችላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለ2 ልጆች 1 የበሰለ ማንጎ፣ ግማሽ አቮካዶና 1 ብርጭቆ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ያዘጋጁ። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ፍሬውን አጥበው ይላጡ፤ የበሰበሰውን ቆርጠው ይጣሉ። ከዚያ ፈጭተው ከውሃው ጋር ይበጥብጡት። አይጥለሉት፤ አሰሩ ሆድ እንዳይደርቅ ይረዳል። ወዲያው ይጠጣ፤ አይደር። አርባ ምንጭ አካባቢ ያላችሁ በሙዝ፣ ሲዳማ ያላችሁ በአቮካዶ አወፍሩት። ሁሉም በየአገሩ ባለው ይሥራ።

አንድ ነገር አይረሳ። ጭማቂ ምግብን አይተካም። 6 ወር ላልሞላው ሕፃንም የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውሃም ጭማቂም አይሰጠው። ከዚያ በላይ ላሉት ልጆች ግን፣ አህያው ከመጫኑ በፊት ጥቂት ማንጎና አቮካዶ ለቤት ይቅር።