የፈሰሰ ውሃ ስለ ምን አይታፈስም?

አንድ ቀን ስለ ሙቀት ስናስተምር አንድ ተማሪ ተነሥቶ፥ «በፍም ላይ የተጣለ ዕጣን ጢሱ ቤቱን ይሞላል፤ የተበተነው ጢስ ግን ተመልሶ የማይሰበሰበው ስለ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀን። እኛም «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብለን በምሳሌ አለፍነው። ልጁ ዝም አለ እንጂ አልረካም፤ እኛም ያልመለስነውን ጥያቄ ተሸክመን ወደ ቤታችን ገባን።

ጥያቄው ታላላቅ ሊቃውንትን ያከራከረ ነው። ሁለት ብዮች ተጋጭተው ሲለያዩ በፊልም ቢነሡና ፊልሙ ወደ ኋላ ቢዞር፥ ተመልካቹ የቱ እውነተኛው እንደ ሆነ ለመለየት ይቸገራል። ኒውተን በ1687 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመው የእንቅስቃሴ ሕግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄደውን ጊዜ አይለይምና። እንግዲህ ጢስም አየርም የደቃቅ ቅንጣቶች ማኅበር ሲሆን፥ እያንዳንዱ ቅንጣት መመለስ ከቻለ ማኅበሩ ስለ ምን አይመለስም?

የኦስትሪያው ሊቅ ሉድቪግ ቦልዝማን በ1872 ጋዝ ወደ መደላደል ብቻ እንደሚሄድ ከእንቅስቃሴ ሕግ ተነሥቶ አስረዳ። ወዳጁ ዮሴፍ ሎሽሚት ግን በ1876 ተቃወመው፤ የቅንጣቶቹ ሁሉ ጉዞ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ቢገለበጥ፥ ያው ሕግ ጋዙን ወደ መጀመሪያው ሁኔታ ይመልሰዋልና። ቦልዝማንም በ1877 መልስ ሰጠ፤ ይኸውም መመለስ በሕግ አልተከለከለም፥ ነገር ግን የመበተኛው መንገድ እጅግ ብዙ፥ የመሰብሰቢያው መንገድ እጅግ ጥቂት ነው የሚል ነበር።

ይህን በማግስቱ ለልጁ በ10 ሳንቲሞች አሳየነው። ሳንቲሞቹ ሲጣሉ የሚወድቁበት መንገድ 1,024 ነው። ከዚህም ሁሉም አንበሳ የሚሆኑበት 1 ብቻ ሲሆን፥ እኩል በእኩል የሚሆኑበት 252 ነው። ሳንቲሞቹ 100 ቢሆኑ፥ የመንገዱ ቁጥር ከ1 በኋላ 30 ዜሮ ከተጻፈበት ይበልጣል። በአንድ ሲኒ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ ከመቶ ቢሊዮን ቢሊዮን የሚበልጡ ቅንጣቶች አሉት። እንግዲህ ጢሱ የማይመለሰው ዕድሉ ከሐሳብ በላይ ስለ ጠበበ ነው። ይህን አንድ አቅጣጫ እንግሊዛዊው አርተር ኤዲንግተን በ1928 ባሳተመው መጽሐፍ «የጊዜ ፍላጻ» ብሎታል።

ሆኖም ነገሩ በዚህ አላለቀም። በ1964 ጄምስ ክሮኒንና ቫል ፊች ካኦን በተባሉ ቅንጣቶች ላይ ያገኙት ውጤት፥ ከሕጎቹ አንዱ ጊዜን በጥቂቱ እንደሚለይ አመለከተ፤ በ1998ም በሰርን የተደረገ ምርመራ ይህን አጸና። ይህ ግን የዕጣኑን ጢስ አያስረዳም። ዓለም በጅማሬዋ እጅግ በተሰደረ ሁኔታ የተገኘችበትም ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ልጁም ሳንቲሞቹን ደጋግሞ ከጣለ በኋላ፥ «እንግዲያው የተበተነ ነገር አይሰበሰብም ማለት ነውን?» አለን። ይሰበሰባል፥ ነገር ግን በዋጋ ነው። እናት የተቀላቀለ ምስርና ስንዴ በሰፌድ ላይ ለቅማ ትለያለች፤ ስትለቅም ግን የበላችው እህል በሰውነቷ ውስጥ ተቃጥሎ፥ ሙቀቱ በቤቱ አየር ይበተናል፤ ይህም ከለየችው ሥርዓት ይበልጣል። ምስሩን ለጊዜ ብንተወው ግን እንደ ተቀላቀለ ይኖራል። ልጁ ይህን ሲሰማ ሳንቲሞቹን ሰብስቦ መለሰልን።