ቤትን ከመኪና ኋላ አስሮ መጓዝ፤ የትኛው መኪና? ስንት ሊትር ቤንዚን?

በቀድሞ ዘመን አጋሰስ እየጫኑ አገር ላገር የሚዞሩ ነጋዴዎች አንድ የታወቀ ጥበብ ነበራቸው፤ ይኸውም ከመነሣታቸው በፊት ጭነቱን ወዲህና ወዲያ እያመዛዘኑ ማስተካከል ነው። ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ እንደ ሆነ እንስሳው ቶሎ ይደክማል፤ ጀርባው ይገጠባል፤ በቁልቁለትም ላይ ይወድቃል። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ አውራ ጎዳናዎች ላይ ትንሽ ቤት ከመኪናው ኋላ አስሮ የሚጓዝ ሰውም ከዚሁ ጥበብ ነፃ አልወጣም። የተለወጠው ነገር ቢኖር በአጋሰሱ ፈንታ ሞተር፣ በገብሱም ፈንታ ቤንዚን መግባቱ ብቻ ነው።

ይህች ተጎታች ቤት ፈረንጆች ካራቫን ወይም ካምፐር የሚሏት ናት። በውስጧ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ማጠራቀሚያ አላት። በጀርመን አገር በ1931 እ.ኤ.አ. አሪስት ዴትሌፍስ የተባለ የጅራፍ ፋብሪካ ባለቤቶች ልጅ፣ ሠዓሊ የነበረችው የትዳር ጓደኛው ፍሪደል በሥራ ጉዞው ሁሉ አብራው እንድትሄድ ብሎ እንዲህ ያለ ቤት ሠራ። በ1959 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዋሊ ባያም የተባለው አሜሪካዊ 41 ተጎታች ቤቶችን እየመራ ከኬፕ ታውን ወደ ካይሮ ለመጓዝ ተነሣ፤ በአገራችንም በኩል አልፎ በ1960 ካይሮ ገባ።

የእኛ ጥያቄ ግን እንደዚህ ያለ ታላቅ ጉዞ ሳይሆን የአነስተኛ ደመወዝተኛ ጥያቄ ነው። በአሜሪካ አገር የሚኖር፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት አንድ መምህር እንውሰድ። የሆቴሉ ኪራይ ስለሚከብደው በዕረፍት ጊዜ ልጆቹን አገር የሚያሳየው ትንሽ ተጎታች ቤት ቢኖረው ነው። እንግዲህ የሚጎትት መኪና ሊገዛ ነው። ጎረቤቱ «ትልቁን ፒክ አፕ ግዛ፤ አታፍርበትም» ይለዋል። ኪሱ ግን «ትንሹ ይበቃሃል» ይለዋል። ማንኛው ነው ትክክል?

መጀመሪያ ሚዛን

ሻጩ «ይህ መኪና 1,500 ኪሎ ይጎትታል» ብሎ ቢነግረው መምህራችን ወዲያው ሊደሰት አይገባውም። ተጎታቿ ቤት ባዶዋን 570 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። ማጠራቀሚያዋ 80 ሊትር ውሃ ቢይዝ 80 ኪሎ ጨመረ ማለት ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ መሆኑን ማንም ተማሪ ያውቃል። የጋዙ ሲሊንደር፣ ባትሪው፣ አልጋ ልብሱና ስንቁ ሌላ 100 ኪሎ ይሆናል። ድምሩ 750 ኪሎ ነው። ይህ ከ1,500 ግማሽ ብቻ ስለ ሆነ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስላል።

ነገር ግን ተጎታቿ በምትታሰርበት ቦታ ላይ መኪናውን ወደ ታች ትጫነዋለች። በአሜሪካ ልማድ ይህ ጫና ከተጎታቿ ክብደት ከመቶ 10 እስከ 15 መሆን አለበት፤ ከመቶ 12 ብንል 90 ኪሎ ይሆናል። በአሜሪካ መኪናዎች ላይ በነጂው በር አጠገብ፣ የተሳፋሪውና የዕቃው ክብደት ተደምሮ ከስንት እንዳያልፍ የሚናገር ጽሑፍ ተለጥፎ ይገኛል። በዚህ መኪና ላይ 400 ኪሎ ይላል እንበል። ቤተ ሰቡ 240፣ በመኪናው ውስጥ ያለው ሻንጣ 100፣ የተጎታቿ ጫና 90፤ ጠቅላላው 430 ሆነ። እነሆ፣ 1,500 ኪሎ ይጎትታል የተባለው መኪና 750 ኪሎ ስትታሰርበት ከልኩ አለፈ!

ስለዚህ ገዢው ከሻጩ ቃል ይልቅ በበሩ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ያንብብ። ክብደትን ቀንሶ መጓዝም ይቻላል፤ ውሃውን ከሰፈሩበት ቦታ አጠገብ መቅዳት ይበቃል።

ከባድ ዕቃ ሁሉ በመንኰራኵሮቹ አቅራቢያ፣ ወደ ወለሉ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ዕቃው ወደ ኋላ የተከማቸ እንደ ሆነ ከፊት ያለው ጫና ይቀላል፤ ተጎታቿም በፍጥነት ጊዜ እንደ ውሻ ጅራት ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ትጀምራለች። በዚህ ምክንያት መኪናና ቤት አንድ ላይ ይገለበጣሉ። ይህ የደረሰበት ነጂ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይያዝ፤ እግሩንም ከነዳጁ ላይ ያንሣ እንጂ የመኪናውን ፍሬን በድንገት አይርገጥ።

ቤንዚን የሚጠጣው ማን ነው?

ብዙ ሰው ቤንዚን የሚፈጀው ክብደት ብቻ ይመስለዋል። ክብደት በርግጥ በዳገትና በመነሻ ላይ ብዙ ይበላል። በረዥም ሜዳ ላይ ግን ትልቁ በላተኛ ነፋስ ነው። የነፋሱ ተቃውሞ የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው። በሰዓት ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ከፍ ያለ ሰው ፍጥነቱን የጨመረው ከመቶ 25 ነው፤ ነፋሱ ግን ከመቶ 56 ያህል በረታበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

ከዚህም የተነሣ ቁመቷ አጭር የሆነች፣ ከመኪናው ጀርባ የምትደበቅ ተጎታች፣ ክብደቷ ቀላል ሆኖ ግንባሯ ከፍ ካለው ይልቅ በሜዳ ላይ ቤንዚን ልትቆጥብ ትችላለች። ቤት የሚመርጥ ሰው ሚዛኑን ብቻ ሳይሆን ቁመቱንም ይለካ። የኤሌክትሪክ መኪናም ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ ግንባሯ ከፍ ያለ ቤት ሲጎትት በአንድ ሙላት የሚሄደው መንገድ ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

በጀርመን ሕግ ተጎታች ያሰረ መኪና በተለይ ካልተፈቀደለት በቀር በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር አያልፍም፤ በካሊፎርኒያም ወሰኑ 55 ማይል፣ ማለት 88 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሕጉ የወጣው ለሰው ሕይወት ሲባል ነው፤ ቢሆንም ኪስንም ይጠብቃል።

የዓመቱን ሒሳብ እንሥራ

አሁን ወደ ጎረቤቱ ምክር እንመለስ። መምህሩ በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ ከዚህ ውስጥ ቤቲቱን የሚጎትተው 1,500 ብቻ ነው እንበል። መካከለኛው መኪና ባዶውን በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር፣ ሲጎትት 12 ሊትር ይፈጃል። ትልቁ ፒክ አፕ ባዶውን 13፣ ሲጎትት 15 ይፈጃል።

መካከለኛው፤ 1,080 ሊትርና 180 ሊትር፣ ድምር 1,260። ትልቁ፤ 1,755 ሊትርና 225 ሊትር፣ ድምር 1,980። ልዩነቱ በዓመት 720 ሊትር ነው። ለአሥራ አምስት ቀን ዕረፍት ሲባል ዓመቱን ሙሉ የተከፈለ ግብር ማለት ነው!

ይሁን እንጂ ይህን ሒሳብ አይቶ ከልኩ በታች የሆነ መኪና የሚገዛ ሰው ይሳሳታል። አቅም የሌለው መኪና በዳገት ላይ የካምቢዮው ዘይት ይግላል፤ በቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይደክማል። በአውሮፓ እስከ 750 ኪሎ የሚመዝን ተጎታች የራሱ ፍሬን ሳይኖረው ሊፈቀድ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ሁሉን የሚያቆመው የመኪናው ፍሬን ብቻ ነው። በቁልቁለት ማርሽ ቀንሶ መውረድ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። በቤንዚን የተረፈው ገንዘብ በጋራዥና በሐኪም ቤት ቢያልቅ ምን ትርፍ አለው?

እንግዲህ መምህራችን ቅደም ተከተሉን ይጠብቅ። መጀመሪያ «ይህ መኪና ሁላችንን ይዞ መሸከምና ማቆም ይችላልን?» ብሎ ይጠይቅ። ይህን ፈተና ያለፉትን ብቻ ለይቶ፣ ከእነርሱ መካከል ዓመቱን በሙሉ ትንሽ የሚጠጣውን ይምረጥ። በመንገድም ላይ ከ80 እስከ 90 ኪሎ ሜትር እየነዳ ልጆቹን ተራራውንና ወንዙን ያሳያቸው። ቤቱን ይዞ የሚሄድ ሰው የሚያስቸኩለው ነገር የለም፤ መሽቶበት በቆመበት ሁሉ ቤቱ ነውና።