ልጄን ሩቅያ ላስቀራለት ወይስ ጤና ጣቢያ ልውሰደው?

(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርዕሳችን እንደ ማንኩሽና አካባቢዋ ባለ ቆላ አገር የማያንኳኳው ቤት የሌለው ትኩሳት ነው።

ሰሓቦች ወደ መዲና ሲሰደዱ ከተማዋ በትኩሳት በሽታ የታወቀች ነበረች። አቡበክርና ሐበሻዊው ቢላል (ረ.ዐ.) ሳይቀሩ ታመው ተኙ። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጠይቃቸው ሁኔታቸውን ለነብዩ ነገረች፤ እሳቸውም ትኩሳቱ ከመዲና እንዲነሳ አላህን ለመኑ። እንግዲህ ትኩሳት ምርጥ የአላህ ባሮችንም ይይዛል፤ የታመመ ሁሉ ኢማኑ ደካማ ነው አይባልም። እኚሁ ነብይ አላህ በሽታን ከነመድኃኒቱ ማውረዱን ነግረው እንድንታከም አዘውናል። ዱዓም ሕክምናም የእሳቸው ትምህርት ነው።

ልጅ አቅፈው ለሩቅያ የሚመጡ ወላጆችን መጀመሪያ የምጠይቃቸው «ደሙ ታይቷል ወይ?» ብዬ ነው። ብዙዎቹ «ትናንት አተኩሶት ነበር፣ ዛሬ ለቀቀው» ይላሉ። የሚያታልለው ይህ ነው። የወባ ተሕዋስያን በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ተራብተው ሕዋሱን ሲያፈነዱ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፣ ከዚያም አልቦት ይበርድለታል። በዚያች ሰዓት ግን ተሕዋስያኑ ሌሎች ሕዋሳት ውስጥ ገብተው እየተራቡ ነው። በውኃ ማብረድም ሆነ ፓራሲታሞል ትኩሳቱን እንጂ ተሕዋስያኑን አያጠፋም። ማርና ጥቁር አዝሙድም በረካ ያላቸው ናቸው፤ ምርመራን ማዘግየታቸው ግን ተገቢ አይደለም። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት በ24 ሰዓት ውስጥ ካልታከመ ወደ ከባድ ሕመምና ሞት ሊያደርስ ይችላል።

ስለዚህ ትኩሳት በጀመረበት ቀን ወደ ቅርብ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከጣት በምትወሰድ ጠብታ ደም ውጤቱ በደቂቃዎች ይታወቃል። ይልቁንም ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ነፍሰ ጡርና ከደጋ አዲስ የመጣ ሰው አይቆዩ።

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ጎረቤት ቀስቅሳችሁ በሽተኛውን ውሰዱ፦

- ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው
- የበላውን የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ
- ካንዘፈዘፈው፣ ራሱን ከሳተ ወይም ከተዝለፈለፈ
- ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ከከበደው
- ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም መዳፉ ከነጣ

ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ካተኮሰው ሌላ ምልክት አይጠበቅለትም።

ኮአርተም ከታዘዘ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ይወሰዳል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ፣ ቀሪው ጠዋትና ማታ ነው። ከምግብ ጋር፣ በተለይም ቅባት ወይም ወተት ካለበት ጋር ይሁን። በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ማቆም፣ የተረፈውንም ለጎረቤት መስጠት ደግነት አይደለም፤ ሁለቱም ሳይድኑ ይቀራሉ። ቫይቫክስ የተባለው ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል ለእሱ የሚሰጠውን ተጨማሪ መድኃኒት ጨርሱ። ሴት እርጉዝ ወይም አጥቢ ከሆነች አስቀድማ ትናገር።

«ጾም ላይ ነኝ» የሚሉም አሉ። አላህ በቁርኣን ለታመመ ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል። የምርመራው ጠብታ ደም ጾምን አያበላሽም፤ መድኃኒት መዋጥ ግን ያስፈታል፤ በሽተኛው ቀዷውን ሲድን ያወጣል። አባወራዎችም ሚስታችሁ «ልጁን ልውሰደው» ስትል ገበያ እስክትመለሱ አታስጠብቋት። እናንተ በሌላችሁበትም እንድትወስደው ዛሬውኑ ፈቃዱንና የመጓጓዣውን ገንዘብ ስጧት።

የወባ ምልክት ከንክሻው በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ቆይቶ ነው የሚወጣው። ከዚህ ተነስታችሁ አሶሳ ወይም አዲስ አበባ ከደረሳችሁ በኋላ ካተኮሳችሁ ለሐኪሙ «ከማንኩሽ ነው የመጣሁት» ብላችሁ ንገሩት። ይህች አንዲት ቃል ነፍስ ታድናለች።

ማታ አጎበራችሁን ዘርጉ፣ ከመኝታ በፊት ዚክራችሁን አድርጉ። ሲያማችሁ በዱዓ ወደ አላህ፣ በእግራችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። አላህ የታመሙትን ያሽርልን፣ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሚን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።